መብራት ሲጠፋ የሚጀምር ፊልም

ፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከጣልያን ፎቅ ምድር ቤት፣
በሩ ገጥሞ የማያውቅ፣ ነበረን አንድ ቪዲዮ ቤት።
መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ፣
የብስኩት ቆርቆሮ ከጭኔ የማይለየኝ።
አግዳሚው ሦስት እግር፣ አራተኛው ድንጋይ፤
ቴሌቪዥኑ ትንሽ፣ ውስጡ ሙሉ ሰማይ።

በዚያ ሰማይ መሀል ትልቅ መርከብ ያልፋል፣
ሰው በኮከብ መሀል እንደ ጣና ይቀዝፋል፤
ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ይሞታል በባዕድ አፍ፤
እኛ እንጠብቃለን ትርጉሙ እስኪያርፍ።

የሚያሳርፈው ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኙ፣
እንዳላማው ነበር፣ ዘንግ ይዞ በቀኙ።
«ይሄ ካፒቴኑ ነው። ያ የብረት ሰው፣
ንስሐ አባት የለው፤ ኃጢአቱን ማን ይስማው?»
ሦስት ፀሐይ ከወጣበት አገር ሲያርፉ ደግሞ፣
«እዚህ» ይለናል፣ «ጾም አይፈታም ከቶ፣
የቱ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለ ጠፍቶ።»
እንግሊዝኛ ይችል እንደሁ የጠየቀው የለም።
ዘንግ የያዘን ሰው በጨለማ አይሞግቱም።

ሐምሌ ነበር። ዝናብ።
መርከቢቱ ነዳጅ ጨርሳ፣ ከጥቁሩ ጉድጓድ አፋፍ፣
ካፒቴኑ ጣቱን ሰዶ ቀዩን ቁልፍ ሊጫን ሲል
መብራት ጠፋ፤
ከማራኪ እስከ አዘዞ አንድ አምፖል ሳይተርፍ።

«ብራችንን!» ብሎ ጮኸ የኋላው ወንበር፤
ቆርቆሮዬን አቀፍኩ። (አራት ብር ከሃምሳ ነበር።)
እንዳላማው በዘንጉ ወለሉን ደቃ፤
«ቁጭ በሉ» አለ፣ «ፊልሙ መች አበቃ?

«ቁልፉን አልተጫነውም። እጁን መለሰና
መርከቢቱን ጠየቃት፣ ‹ደክሞሽ ነው ወይ?› አለና።
አራት መቶ ዓመት ስትሸከም ስትኖር፣
‹የት መሄድ ትወጃለሽ?› ያላት አልነበር።
ዝም አለች። ብረት ሲያፍር ዝም ይላል።
ኋላ፣ ‹ዝናብ› አለች፤ ‹ገላን ሲመታ ድምፁ ምን ይላል?›
እዚያ ላይ ዝናብ የለማ።
ስለዚህ ዞሩ። ደመና ሰነጠቁ፣ ወረዱ፣ ወረዱ፣
በአንገረብ ሸለቆ፣ ይኸው…

«ስሙ።»

ሰማን።
በቆርቆሮው ጣሪያ፣ በራሳችን አናት፣
የመርከቧ ገላ ነበር ዝናብ የሚመታት።
ማንም አልተነፈሰ። ዘጠኝ ሰው ነበርን፤
ለአንዲት ጊዜ፣ በእውነት፣ ከጠፈር ተመለስን።

መብራት መጣ።
ካፒቴኑ ቁልፉን ተጫነ፤ ሁሉም ነደደ፤
እሳት፣ ሙዚቃ፣ የሠሪዎቹ ስም እየወረደ።
«ውሸት!» አለ የኋላው ወንበር። «ይሄ ውሸት ነው!
እውነተኛውን መልሱልን፣ የጨለማውን፣ ያንን ነው!»

ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጥተው ዝናብ ያገታቸው
የኔታ አስረስ ነበሩ ከጥጉ፤ ቅኔ ነው ሙያቸው።
«ሰሙ ብረት» አሉ፤ «ወርቁ ዝናብ። ደግ።
ግን ይህን ያህል እንግዳ ከሰማይ ሲመጣ፣
እንዴት ‹ግቢ› የሚል አንድ ሰው ይታጣ?»

ያቺ ጥያቄ ነሳችው እንቅልፍ፤
ዐሥራ አራት ደብተር ሞላ፣ የሰው ሬዲዮ እያሳደረ ሲጽፍ።
የኔታ በቀይ ቀለም አረሙት፣ ነጥብ ሳያሳልፉ፦
«‹ሐመር› በሐመሩ ሐ ነው፤ በሃሌታው ከጻፍካት፣
እንኳን ኮከብ ልትደርስ፣ ጎሃም ይበዛባት።»

ቪዲዮ ቤቱ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል።
እንዳላማው የለም። ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው፤
ሰባተኛውን አይጥ በላው፤ ጦርነቱ እዚያ ነበር፤ ግድ የለም።
ልጆቼ ያንን ፊልም በስልካቸው ያያሉ፣ ከነጽሑፉ።
ካፒቴኑ ቁልፉን ይጫናል።
ዝም እላቸዋለሁ።

ትናንት ማታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፦
ሐመር ጭቃው ላይ አርፋለች፤ በሯ ተከፍቶ ይዘንባል፤
ከደጃፍ፣ የብስኩት ቆርቆሮ የታቀፈ ልጅ ቆሟል።
ሃምሳ ሳንቲም ሊጠይቃት አፉን ከፈተና፣
ሽቅብ አያት፣
አያት፣
«ግቢ» አላት፤ «ላንቺ በነፃ ነው።»

በኅዳጉ፣ በቀይ፣ የየኔታ እጅ፦
«ልጁ ስም የለውም። ይሰየም።»